የአያቴ ሽጉጥ ቀፎ ላይ ዘውድና «አር-ኢ» ተመትቷል፤ የማን ሥሪት ነው?

የመንዝ ልጅ

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። መሣሪያ የምታውቁ ሰዎች እዚህ እንዳላችሁ አይቼ ነው የመጣሁት። እኔ ስለ ሽጉጥ የማውቀው ፊልም ላይ ያየሁትን ብቻ ነው። ቃል ብሳሳት አትሳቁብኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ክረምት ሳይገባ መሐል ሜዳ ያለውን የአያቴን ቤት ጣሪያ ልናድስ ወጥተን ነበር። ከግድግዳው ጫፍ፣ ማገሩ ሥር ተወሽቆ አንድ ጥቅል ተገኘ። የላዩ የአቡጀዲ ቅዳጅ ነው፣ የውስጡ ቅባት የጠጣ ቆዳ። ስንፈታው የሽጉጥ ግማሽ፣ ቀፎው ብቻ፣ ወጣ። ግማሽ ያልኩት እጀታው አለ፣ ምላጩ አለ፣ የምላጩ ቀለበት አለ፣ ከኋላ መዶሻው አለ፣ ከላይ ግን ባዶ ነው። አፈሙዝ የለውም። ወደ ኋላ የሚሳበው ብረት የለም። ጥይት የሚሞላበት ካርታውም የለም። ጥይት አልነበረበትም፣ እሱን ሦስት ጊዜ አይቻለሁ።

አሁን ምልክቶቹን ልንገራችሁ። ፎቶ ለመለጠፍ ፈራሁ፣ ስለዚህ ፊደሎቹን በድምፃቸው እጽፋለሁ። በቀኝ በኩል ስድስት አሃዝ ቁጥር ተመትቷል። በግራ በኩል ከእጀታው ኋላ፣ አውራ ጣት የሚያርፍበት አካባቢ፣ ትንሽ ዘውድ አለች፤ ከዘውዷ ሥር «አር» እና «ኢ» የሚሉ ሁለት የፈረንጅ ፊደላት። ከምላጩ በላይ በግራ በኩል የምትዞር ምላስ ነገር አለች። የእጀታው ልባጥ በአንድ ወገን ተሰብሮ ጠፍቷል። በሌላው ወገን ጥቁር ልባጥ ቀርቷል፣ ግርጌው ላይ ጥልፍ የመሰለ ነገር አለ ግን ቆሻሻ ስለበላው አይነበብም። በቃ ይኸው ነው። ዓመተ ምህረት የሚባል ነገር የለም፣ የፋብሪካ ስም የለም።

ቤተሰቡ የሚያወራው አያቴ ማይጨው ላይ ከአንድ የጣልያን መኮንን ማረከው እያለ ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ የሰማሁት ይህንኑ ነው። የአጎቴ ልጅ ደግሞ ዘውዷን ሲያይ «ይሄማ ጃንሆይ የሸለሙት ነው» ብሎ ድርቅ አለ። ማንኛው ነው? ምልክቱ ምን ይላል?

ፈጣን ገበያ

ስንት ትላለህ? በውስጥ አናግረኝ።

አራዳው ከፒያሳ

ፈጣን ገበያ፣ አንተ ደግሞ ሬሳ ሳይወጣ ልብስ ትጠይቃለህ። ተወው ሰውየውን።

መንዜው፣ እኔ ስገምት ማካሮቭ ነው። ጥቁር እጀታ፣ ትንሽ፣ መዶሻው ከኋላ የወጣ... አጎቴ ፖሊስ ነበር፣ ወገቡ ላይ የነበረው ቁርጥ እሱን ነው። ዘውዱ ግን የጃንሆይ ይመስለኛል። በደርግ ጊዜ ዘውድ ያለበት ነገር መደበቅ ነበረበት፣ ስለዚህ ግድግዳ ውስጥ መገኘቱም ይገጥማል።

ባለግምጃ

አራዳው፣ ሁለቱን አንድ ላይ ማለት አትችልም። ማካሮቭ ከሆነ የሩሲያ ነው፣ ጃንሆይ በዘውድ አስመትተው ያስመጡት ሊሆን አይችልም። ግን ማካሮቭም አይደለም። ለምን እንደሆነ ልንገርህ፣ ምክንያቱም ይህቺ ነገር ብዙ ሰው የሚሳሳትባት ናት።

ማካሮቭ ላይ ሴፍቲ የምንለው መቆለፊያ የተሠራው ላይኛው ተሳቢ ብረት ላይ ነው። ተሳቢው ሲወልቅ መቆለፊያውም አብሮት ይሄዳል። ልጁ ግን ላይኛው ብረት ጭራሽ የለም፣ ምላሷ ግን ከምላጩ በላይ ቀፎው ላይ አለች እያለን ነው። በዚህ ብቻ ማካሮቭ ወደቀ። እኔ ዕድሜዬን በመሣሪያ ጥገና ነው የጨረስኩት፣ ሰው ከፊደል ይጀምራል፣ እኔ ግን ሁልጊዜ ከቅርጹ ነው የምጀምረው። ፊደል ይፋቃል፣ ይታከላል፣ ሐሰተኛም ይመታል። የብረቱ አሠራር አይዋሽም።

ልጄ፣ እስቲ እነዚህን አይተህ መልስልኝ። ያቺን ምላስ ቀስ ብለህ ስታዞራት ትንሽ ብቻ ነው ወይስ ግማሽ ክብ ትዞራለች? የካርታው መያዣ ያለው ከምላጩ አጠገብ ነው ወይስ እጀታው ግርጌ ላይ? መዶሻው መሀሉ እንደ ቀለበት ቀዳዳ አለው?

ደግሞ ስማ፣ በብርጭቆ ወረቀት እንዳትነካው! ሰው የአባቱን መሣሪያ አበራለሁ ብሎ ምልክቱን ሁሉ ሲያጠፋው ስንት ጊዜ አይቻለሁ። በአሮጌ የጥርስ ብሩሽና በትንሽ ላምባ እጠበው። ከደረቀ በኋላ ነጭ ጠመኔ ምልክቱ ላይ ፈትግበትና በጨርቅ ላዩን ብቻ ጥረገው። ጠመኔው ጎድጓዳው ውስጥ ይቀራል፣ ፊደሉ ነጭ ሆኖ ይወጣል። የስልክህን ባትሪ ከላይ አታብራበት። በጎን በኩል ዝቅ አድርገህ አብራ፣ ጥላው ያነብልሃል። ቁጥሩን ሙሉውን እዚህ አትጻፍ።

የመንዝ ልጅ

ጋሼ ባለግምጃ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጠመኔው ተአምር ሠራ። ጠመኔ የተገኘውም ከጎረቤት ተማሪ ልጅ ነው፣ የሰረቀው ከክፍል ነው መሰለኝ።

ምላሷ ግማሽ ክብ ትዞራለች። ወደ ፊት ጠቁማ የነበረችው ዞራ ወደ ኋላ ትጠቁማለች፣ ረጅም መንገድ ነው የምትሄደው። የካርታው መያዣ እጀታው ግርጌ ከኋላ በኩል ነው። መዶሻው ክብ ነው፣ መሀሉ ቀዳዳ አለው።

ከሁሉ የገረመኝ ልባጡ ላይ ያለው ጥልፍ ነው። ሲጸዳ «ፒ» እና «ቢ» ተቆላልፈው ወጡ። ዘውዷ ላይ ጫፉ መስቀል አለበት። ፊደላቱ «አር» እና «ኢ» መሆናቸው አሁን ጥርጥር የለውም።

ባለግምጃ

በቃ። በሬታ ናት፣ የጣልያን ሥሪት፣ በፈረንጅ የ1934 ሞዴል። ያ ግማሽ ክብ የሚዞር መቆለፊያ ምልክቷ ነው፣ በአንድ እጅ ፈጥኖ ለማዞር አይመችም። የተቆላለፈው «ፒ-ቢ» የፒየትሮ በሬታ ነው። 9 ሚሊ ሜትር አጭር ጥይት ነው የምትበላው፣ በጣልያን ቋንቋ «ኮርቶ» የሚሉት፣ ካርታዋ 7 ጥይት ይይዛል። ካርታው ቢኖር ግርጌው ላይ ትንሿ ጣት የምታርፍበት ወደ ፊት የታጠፈ ምላስ ታይበት ነበር። ትንሽ ናት፣ ጠቅላላ ርዝመቷ 15 ሳንቲም ቢሆን ነው። ቀላል አሠራር፣ ጠንካራ ብረት። ጭቃ ውስጥ ገብታ ወጥታ የምትሠራ ዓይነት። የጣልያን ጦር ብዙ ነገሩ ያስቃል፣ በዚህች ግን አይሳቅባቸውም።

የፊደሎቹን ትርጉም ጣልያን አገር ያላችሁ ብትነግሩት ይሻላል።

ሮማን ከብሬሻ

መጣሁ። እኔ የምኖረው ብሬሻ ነው፣ ፋብሪካው ካለበት ጋርዶኔ በመኪና ብዙ አይርቅም። ሜላ የሚባል ወንዝ ያለበት ጠባብ ሸለቆ ነው፣ ቫል ትሮምፒያ ይሉታል። ያ ሸለቆ ከድሮ ጀምሮ ብረት የሚያቀልጡና አፈሙዝ የሚሠሩ ሰዎች አገር ነው። በሬታዎች ለቬኒስ የጠመንጃ አፈሙዝ የሸጡበት ደረሰኝ 1526 የሚል ነው፣ በፈረንጅ ማለቴ ነው። አስቡት፣ አህመድ ግራኝ ከአፄ ልብነ ድንግል ጋር ሽምብራ ኩሬ ላይ ሊገጥም ሦስት ዓመት ሲቀረው እነዚህ ሰዎች አፈሙዝ እየሸጡ ነበር። ዛሬም ያው ቤተሰብ ነው ያለው። አገሩን ሳየው ሁልጊዜ የሚሰማኝ ነገር አለ፣ ሰው ቡና ይጠጣል፣ ልጆች ኳስ ይጫወታሉ፣ እኔ ደግሞ አያቶቻችንን የገደለው ብረት ከዚህ ነው የወጣው እያልኩ አስባለሁ። ይቅር፣ ወደ ጥያቄው ልመለስ።

«አር-ኢ» ማለት «ሬጂዮ ኤዜርቺቶ» ነው። የንጉሡ ጦር፣ ማለትም የጣልያን ምድር ጦር። ዘውዷ የሳቮያ ንጉሣዊ ቤተሰብ ዘውድ ናት፣ የንጉሥ ቪቶሪዮ ኢማኑኤሌ። የባሕር ኃይል ቢሆን «አር-ኤም»፣ የአየር ኃይል ቢሆን «አር-ኤ»፣ የፖሊስ ቢሆን «ፒ-ኤስ» ይል ነበር። በፈረንጆች 1946 ጣልያኖች ንጉሣቸውን በድምፅ አሰናበቱ፣ ሪፐብሊክ ሆኑ። ከዚያ ወዲህ የንጉሥ ጦር የሚባል የለም። ስለዚህ ያንተ ሽጉጥ ከ1934 በኋላ እና ከ1946 በፊት የተሠራ፣ ለምድር ጦር የተሰጠ ነው። ቀፎው ብቻውን የሚናገረው እስከዚህ ነው።

ዓመቱና ቦታው የሚጻፈው ላይኛው ተሳቢ ብረት ላይ በግራ በኩል ነው። የጠፋብህ ዋናው መጽሐፍ ያ ነው።

አራዳው ከፒያሳ

እሺ ማካሮቭ አይደለም፣ ተሸነፍኩ። ግን ዘውድ ዘውድ ነው። የጃንሆይም ዘውድ ጫፉ ላይ መስቀል አለበት። ጃንሆይ በሬታ ገዝተው ቢሆንስ?

ሮማን ከብሬሻ

አራዳው ወንድሜ፣ ጃንሆይ ከጣልያን ምድር ጦር ሽጉጥ ገዝተው «የጣልያን ንጉሥ ጦር ንብረት» የሚለውን ሳያስፍቁ ለአርበኛ ይሸልሙ ነበር ነው የምትለኝ?

ባለግምጃ

ሃሃ። የጃንሆይን መሣሪያ የሚያውቅ ሰው መጀመሪያ የሚፈልገው አንበሳውን ነው። ቤልጂግ የምንለው ጠመንጃ፣ ከጣልያን ወረራ በፊት የመጣው፣ የይሁዳ አንበሳ ነው የተመታበት። ዘውድ ብቻ ያለበትን መሣሪያ ሁሉ የእኛ ቤተ መንግሥት ነው ማለት ስህተት ነው፣ እንግሊዝም፣ ጣልያንም፣ ሮማኒያም ንጉሥ ነበራቸው። ለነገሩ ሮማኒያ ራሷ ከበሬታ ይህችኑ ሽጉጥ ገዝታለች፣ የእነሱ ላይ «ኮርቶ» በሚለው ፋንታ «ስኩርት» ተብሎ ነው የተጻፈው። ያም ቢሆን የሚታየው ላይኛው ብረት ላይ ነው።

ግን አራዳው ሳያውቀው አንድ ነገር ነክቷል። ያ የጣልያን ንጉሥ በ1928 ግንቦት አዲስ አበባ ከተያዘች በኋላ «የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት» የሚል ማዕረግ ለራሱ ጨምሮ ነበር እኮ። ስለዚህ የአጎትህ ልጅ «የንጉሠ ነገሥቱ ዘውድ ነው» ካለ፣ የሌባው ንጉሠ ነገሥት ነው በለው።

የመንዝ ልጅ

ሰዎች፣ ነገሩ ሌላ መልክ ያዘ። ደብረ ብርሃን ላለው ታላቅ አጎቴ ደወልኩለት። ስለ ሽጉጡ ሳነሳ ዝም አለ። ከዚያ «ማን ነገረህ?» አለኝ። ማገር ሥር አገኘን ስለው ሳቀ። ለካ ሌላው ግማሽ እሱ ጋ ነው! በደርግ ጊዜ ፍተሻ ሲበረታ አያቴ ሽጉጡን ለሁለት ከፈለው፤ ቀፎውን ቤት ውስጥ ቀበረ፣ ላይኛውን ብረት ከነአፈሙዙ ለልጁ ሰጠ። «ግማሹ ቢያዝ ብረት ነው፣ ሙሉው ቢያዝ አንገት ነው» ብሎ ነበር አለኝ። አጎቴ ከዚያ ወዲህ በቆርቆሮ ሣጥን ውስጥ የሙሽራ ልብስ ሥር አስቀምጦት ኖሯል። ሚስቱ እስከ ትናንት አታውቅም ነበር። አሁን ታውቃለች።

ፊደሎቹን በስልክ አነበበልኝ። እንግሊዝኛ የሚያውቀው እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው ግን ዓይኑ ጥሩ ነው። እንዲህ ይላል፦ «ፒ. በሬታ»፣ «ካል 9 ኮርቶ»፣ «ኤም 1934»፣ «ብሬቬት»፣ «ጋርዶኔ ቪ-ቲ»፣ ከዚያ «1937»፣ ከዚያ ሰረዝና «ኤክስ-ቪ»።

የቤተሰቡ ተረት ደግሞ ሌላ ነው። አጎቴ «ብሬቬት የመኮንኑ ስም ነው፣ ሻለቃ ብሬቬት ጋርዶኔ» እያለ ነው ያደገው። አያቴ የማረከው ሰውዬ ማለት ነው። ምን ልበለው?

ሌላው ነገር፣ 1937 ይላል። ጣልያን የወጣው በ1933 አይደለም እንዴ? ጣልያን ከወጣ ከአራት ዓመት በኋላ የተሠራ የጣልያን ሽጉጥ እንዴት መንዝ ገባ? የአጎቴ ልጅ «በቃ ሐሰተኛ ነው» አለ።

ሮማን ከብሬሻ

ሻለቃ ብሬቬት ጋርዶኔ! ሳቄ አላቆመም ይቅርታ። «ብሬቬት» አጥሮ የተጻፈ ነው፣ «ብሬቬታቶ» ማለት ነው፣ የፈጠራ መብቱ የተመዘገበ እንደማለት። «ጋርዶኔ ቪ-ቲ» ከተማዋ ናት፣ ጋርዶኔ ቫል ትሮምፒያ። አጎትህን ሰላም በልልኝ፣ ሻለቃው ሰው ሳይሆን ፋብሪካ ነው።

ዳዊት ዴንቨር

የዓመቱን ነገር እኔ ልመልስ፣ ይሄ ለእኛ አገር ሰው ብቻ የተቀመጠ ወጥመድ ነው። 1937 በፈረንጅ ነው! በእኛ 1929 ወይም 1930 ማለት ነው። የአጎትህ ልጅ ፈረንጅ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ሽጉጥ የሚያመርት መስሎት ነው።

«ኤክስ-ቪ» ደግሞ የሮማ ቁጥር ነው፣ 15። ሙሶሊኒ ሥልጣን የያዘበትን እንደ አንደኛ ዓመት አድርጎ የራሱን አቆጣጠር አስጀምሮ ነበር። ከጥቅምት መጨረሻ 1922 በፈረንጅ ነው የሚጀምረው፣ ሮም ላይ ሰልፍ ካደረጉበት ቀን። እና ዓመቱ የሚለወጠው በየጥቅምቱ መጨረሻ ነው። ስለዚህ «1937 ኤክስ-ቪ» የሚል ብረት ከጥቅምት 28 ቀን 1937 በፊት የተሠራ ነው፤ ከዚያ በኋላ ቢሆን «ኤክስ-ቪ-አይ» ነበር የሚመታው። ይሄን ወደ እኛ ብናመጣው ከታኅሣሥ ማብቂያ 1929 እስከ ጥቅምት 18 ቀን 1930 ባለው ጊዜ ማለት ነው። ሁለት ቁጥር ተያይዞ ሲመታ እንዲህ ዓይነት ጥቅም አለው፣ አንዱ ሌላውን ያጠብበዋል።

ባለግምጃ

ቆዩ፣ አትቸኩሉ። ያ ዓመት የላይኛው ብረት ዓመት ነው። የቀፎው ነው ለማለት ሁለቱ አንድ መሆናቸው መረጋገጥ አለበት። መንዜው፣ አጎትህ በቀኝ በኩል ላይኛው ብረት ላይ ያለውን ቁጥር ያንብብልህ። ከቀፎህ ቁጥር ጋር አንድ ከሆነ እናትና ልጅ ናቸው። ካልሆነ አያትህ ወይም ከሱ በፊት የነበረ ሰው ከሁለት ሽጉጥ አንድ ሽጉጥ ሠርቷል ማለት ነው። በአርበኝነት ጊዜ ይሄ አይገርምም፣ መለዋወጫ የሚገኘው ከሌላ የወደቀ መሣሪያ ነበር። እኔ ራሴ ሦስት ቁጥር ያለው አንድ ምንሽር አይቻለሁ።

የመንዝ ልጅ

አስነበብኩት። ስድስቱም አሃዝ አንድ ናቸው። አጎቴ እያነበበ ድምፁ ተንቀጠቀጠ፣ «አባባ አልዋሸም» አለ።

ዳዊት ዴንቨር

መንዜ፣ መጥፎ ነገር ልንገርህ ነው፣ አትቆጣኝ። ማይጨው የሆነው መቼ ነው? መጋቢት 22 ቀን 1928። ሽጉጡ የተሠራው ከ1929 ታኅሣሥ ማብቂያ በኋላ ነው። ማይጨው ላይ ከማንም ሊማረክ አይችልም፣ ገና አልተወለደም ነበር።

አባባ ዋሽተዋል እያልኩ አይደለም። ማይጨው ዘምተው ሊሆን ይችላል፣ ሽጉጡንም ሊማርኩ ይችላሉ፣ ሁለቱ ግን አንድ ቀን አልሆኑም። ወሬ ሲተላለፍ ትልቁ ጦርነት ትንሹን ይውጠዋል። የእኔም አያት እንዲሁ ናቸው፤ ያልዘመቱበት ጦርነት የለም፣ ዕድሜያቸውን ብትደምረው ሦስት ሰው ይወጣዋል።

ባለግምጃ

ትክክል ነው። የ1929 ወይም የ1930ው ሽጉጥ መንዝ ሊደርስባቸው የሚችሉ መንገዶች ብዙ ናቸው። ራስ አበበ አረጋይ ሸዋ ውስጥ አምስቱን ዓመት ሙሉ ሲዋጉ የነበሩት እዚያው አካባቢ ነው፣ ከመኮንን ወገብ የተፈታ ሽጉጥ ብዙ ነው። ወይም በ1933 ጣልያን ሲሸነፍ ሶላቶው መሣሪያውን እየጣለ ሲሄድ የተገኘ ይሆናል። ጎንደር ደግሞ የመጨረሻዎቹ እጃቸውን የሰጡት ኅዳር 1934 ነው፣ ከዚያም ብዙ መሣሪያ ወጥቶ ገበያ ገብቷል። ማኅተሙ የሚነግርህ ማን እንደሠራውና መጀመሪያ የማን ንብረት እንደነበረ ነው። ከሶላቶው እጅ እስከ አባባ እጅ ያለውን መንገድ ብረት አይጽፍም።

አራዳው ከፒያሳ

ይሄ ክር ከታሪክ ክፍለ ጊዜ ተሻለ እኮ። ሽጉጡን ግን አሁን ገጥመህ ሞክረው እንዳትለኝ ብቻ።

ዳዊት ዴንቨር

ይኼ ቀልድ አይደለም። በተለይ ስለ ሕጉ አስብ። እኔ ያለሁበት አሜሪካ ቀፎው ብቻውን በሕግ ሙሉ መሣሪያ ነው፤ አፈሙዝም ተሳቢም ባይኖረው እንደ ሽጉጥ ነው የሚቆጠረው። ስለዚህ «ግማሽ ነው ምን አለበት» ብሎ ሻንጣ ውስጥ ከትቶ ወደዚህ መላክ የሚባል ነገር አይታሰብ፣ ዘመድ ቢለምንህም። ኢትዮጵያ ውስጥ ደግሞ አዋጅ ቁጥር 1177/2012 አለ፣ ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝ አይፈቀድም። እኔ ብሆን ሁለቱን ግማሾች ለየብቻ እንዳሉ ትቼ፣ ሳልገጥም፣ መጀመሪያ ባዶ እጄን ፖሊስ ጣቢያ ሄጄ «ከአያታችን ቤት ይህ ተገኘ» ብዬ አስመዘግብ ነበር። እንዴት እንደሚመጣ እነሱ ይነግሩሃል። ቁጥሩን አታጥፋ፣ አትፋቅ፣ ያ ሌላ ጣጣ ነው።

ፈጣን ገበያ

ሙሉ ከሆነ ዋጋው ይጨምራል። በውስጥ።

አራዳው ከፒያሳ

ይሄ ሰውዬ አሁንም አልሄደም???

የመንዝ ልጅ

ፈጣን ገበያ፣ አይሸጥም ወንድሜ።

ጋሼ ዳዊት እንዳሉት ዛሬ ጠዋት ከአጎቴ ጋር ተነጋግረን ሰኞ ፖሊስ ጣቢያ ልንሄድ ተስማማን። አጎቴ መጀመሪያ አንገራገረ፣ «ደርግ ያላገኘውን እኔ በእግሬ ልውሰድለት?» አለ። ኋላ ግን ሚስቱ ናት የወሰነችው፤ ሣጥኑ ውስጥ ከሙሽራ ልብሴ ሥር ሽጉጥ ይዤ አላድርም አለች፣ ነገሩ አለቀ።

አሁን ግን የመጨረሻውን ስሙ። የማይጨውን ነገር ለመጠየቅ የአያቴን ታናሽ እህት አነጋገርኳት። ዘጠና አልፏታል፣ ጆሮዋ ትንሽ ነው እንጂ ልቧ ንጹሕ ነው። ሽጉጡን ማይጨው ነው የማረከው ይባላል እቴቴ ስላት ከት ብላ ሳቀች። አያቴ ማይጨው ዘምቶ ነበር፣ እሱ እውነት ነው፣ ቆስሎም ነበር የመጣው። ሽጉጡ ግን የመጣው ጣልያን ከወጣ በኋላ ነው። ከጎንደር በኩል የመጣ ነጋዴ መሐል ሜዳ ገበያ ላይ ይዞት ነበር። አያቴ ያለችውን አንዲት ጥማድ ፈትቶ አንዱን በሬ ሰጠው። ሴት አያቴ ለሁለት ወር አላናገረችውም አለችኝ፣ ምክንያቱም የመኸር እርሻው ደርሶ ነበርና ሁለተኛውን በሬ ከጎረቤት ጋር አቀናጅተው ነው ያረሱት። ማርኬ ነው ማለት የጀመረው ሚስቱ ስትሰድበው ነው።

ሮማን ከብሬሻ

በበሬ የተገዛ በሬታ!

ባለግምጃ

ያም ሆኖ በሬው አልረከሰም። ልጄ፣ ሰኞ ስትሄዱ የአጎትህን ግማሽ ይዛችሁ እንዳትወጡ፣ መጀመሪያ ተናገሩ። ደግሞ የእጀታውን ልባጥ ከመስጠትህ በፊት ጠመኔውን ጥረግለት፣ ነጭ ሆኖ ቢያዩት አዲስ ምልክት የመታህበት ይመስላቸዋል።